ከሰንጠረዡ ዳር የቆመ ሰው፦ ከየጁ ራሶች እስከ ሲንጋፖር

በዓለም ላይ ከሚተላለፈው ወሬ ሁሉ ቀላሉ የቼዝ እርምጃ ነው። የጠጠሩ ስም፣ ከዚያ የካሬው ፊደልና ቁጥር፤ አለቀ። ሁለት ሰዎች ጭንቅላታቸውን ይዘው አምስት ሰዓት የተፋለሙበት ጨዋታ በጽሑፍ ሲቀመጥ፣ ስልካችሁ ውስጥ ካለ አንድ ፎቶ ያነሰ ቦታ ይይዛል። በቴሌግራፍ ይሄዳል፣ በፖስታ ካርድ ይሄዳል፣ በሬዲዮ ይነበባል፣ ሲቸግርም በአፍ ይነገራል።

ለዚህ ነው የቼዝ የዓለም ሻምፒዮናን መከታተል ለሩቅ አገር ሰው የተመቸ የሚሆነው። ዲሽ አይጠይቅም፤ ሰፊ ስክሪን አይጠይቅም። የወልድያ ተማሪ እንደ ኒውዮርኩ ባለሀብት እኩል ሊከታተለው ይችላል። የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወሬው የሚያልፍበት ቀጭን መስመር።

ይህች ትንሽ ወሬ እንኳ ማለፍ ያልቻለችበት ቦታና ጊዜ ካለ፣ ትልቁ ወሬ እንዴት እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ዛሬ የምጽፈው ስለ ታላላቅ ተጫዋቾች ብቻ አይደለም። ስለ ተመልካቹ ነው፤ ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ሆኖ ሲታይ። (እ.ኤ.አ. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

◈ ወረራ

ቼዝ ለአገራችን የትናንት እንግዳ አይደለም። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ በኩል የመጣው ጨዋታ እኛ ዘንድ ሰንጠረዥ ተብሎ ለዘመናት ኖሯል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለዚሁ ጨዋታ ታሪክና ሕግ ባሳተሙት ጥናት፣ አፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር የሚናገረውን የ16ኛው ክፍለ ዘመን ምንጭ ያነሣሉ። የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴም ጨዋታውን አብዝተው ይወዱ እንደነበር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ያገኟቸው እንግሊዛውያን ጽፈዋል።

ለየጁ ሰው ግን የሚቀርበው ምስክር ዋልተር ፕላውደን ነው። ከታላቁ ዓሊ ጀምሮ እስከ ዳግማዊ ራስ ዓሊ ድረስ ከየጁ የወጣው ቤት በጎንደር ነገሥታት ስም አገር ያስተዳድር እንደነበር ይታወቃል። የዛሬዎቹ ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ የዚያ የጁ እምብርት ናቸው። ፕላውደን የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1849 ከራስ ዓሊ ጋር ውል የተፈራረመው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 ጎንደር አካባቢ ተወግቶ ከሞተ በኋላ፣ በ1868 በወጣው መጽሐፉ ውስጥ የሰንጠረዥን ሕግ ዘርዝሮ አስቀምጧል።

ሕጉ ዛሬ ከምናውቀው ቼዝ ይለያል። ንጉሥና ፈረስ አሉ። በንግሥቲቱ ቦታ የቆመው ፈርዝ ግን በሰያፍ አንድ ካሬ ብቻ የሚራመድ ደካማ ነው። ዝሆኑ ፊል ይባላል፣ ወታደሩ መደቅ። ትልቁ ልዩነት ግን አጀማመሩ ላይ ነው። ጨዋታው ሲከፈት ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ የፈለገውን ያህል ጊዜ ጠጠሮቹን ያንቀሳቅሳል። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። ወረራው የሚያበቃው አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው፤ ተራ የሚጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። በወረራ ጊዜ የባላጋራውን እጅ ያልተከታተለ ተጫዋች ገና ሳይጀመር ይሸነፋል። መጫወትና መመልከት አንድ ሥራ ነበሩ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በሩክ ወይም በፈረስ ንጉሡን መግደል ያን ያህል አያስመሰግንም ነበር። በደካማው ፊል፣ ከዚያም በላይ በተራው መደቅ መግደል ግን ያስወድሳል። እስቲ ይህን አስቡት። ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ቢጫወቱ ማሸነፍ ማሸነፍ ነው፤ በምንም ይሁን። አሸናፊነት በደረጃ የሚከፋፈለው ዙሪያውን ቆሞ የሚያደንቅ፣ የሚያሽሟጥጥ፣ ነገም ለሌላው የሚያወራ ሰው ሲኖር ነው። የሰንጠረዥ ሕግ ራሱ የተቀረጸው ተመልካች አለ ተብሎ ነው።

እቴጌ ጣይቱ በገና ደርዳሪ ብቻ ሳይሆኑ ሰንጠረዥም ተጫዋች እንደነበሩ ተጽፏል። ወንድማቸው ራስ ወሌ ብጡል ደግሞ በምኒልክ ዘመን የየጁ ገዥ ነበሩ። እንግዲህ ይህ አካባቢ ከጨዋታውም፣ ጨዋታው ከሚታይበት አደባባይም ሩቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ተለወጠ። ሰንጠረዥ እየተረሳ አውሮፓዊው ቼዝ ቦታውን ወሰደ። አደባባዩም ከአገር ወጥቶ ሄደ፤ ዳር ቆሞ ማየት ቀረና ከሩቅ መስማት ተተካ። ከዚህ በኋላ ተመልካች መሆን አለመሆንን የሚወስነው ቅርበት አይደለም፤ መስመር ነው።

◈ ክረምት 1964፦ ሬይክያቪክ

ሐምሌ 4 ቀን 1964 በአይስላንድ ዋና ከተማ የሶቪየቱ ቦሪስ ስፓስኪና አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር ተቀመጡ። በቼዝ ታሪክ የዚያን ያህል ዓለም ዓይኑን የጣለበት ግጥሚያ አልነበረም። ፊሸር የመጀመሪያውን ጨዋታ ከዳር የቆመች አንዲት ወታደር በቢሾፑ በልቶ፣ ቢሾፑን አሳስሮ ተሸነፈ። ሁለተኛው ላይ ጭራሽ አልቀረበም፤ የቀረጻ ካሜራዎቹ ካልተነሡ አልጫወትም ብሎ በፎርፌ ተሸነፈ። ሁለት ለዜሮ። ሦስተኛውን ለመጫወት የተስማማው ከተመልካች ርቆ፣ ከአዳራሹ ጀርባ በምትገኝ ትንሽ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ያንን አሸነፈ። ስፓስኪን በሕይወቱ ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነው።

የሚገርመው፣ መታየት ያልፈለገው ሰው ያደረጋት እያንዳንዷ እርምጃ በደቂቃዎች ውስጥ ዓለምን ታዳርስ ነበር። በኒውዮርክ የቴሌቪዥን አቅራቢ እርምጃዎቹ በደረሱት ቁጥር ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሰሌዳ እያንቀሳቀሰ ለሕዝብ ያስረዳ ነበር። ስድስተኛው ጨዋታ ሲያልቅ የአዳራሹ ሕዝብ ለፊሸር አጨበጨበ፤ የተሸነፈው ስፓስኪም አብሮ አጨበጨበ። ነሐሴ 26 ቀን፣ ሳይቋጭ ለማግሥቱ ያደረው 21ኛው ጨዋታ ሳይቀጥል ስፓስኪ መሸነፉን በስልክ አስታወቀ። 12.5 ለ8.5።

በስልክ! በዚያው ክረምት በወሎ ዝናቡ ሰነፈ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በልጉ ቀረ። በራያና ቆቦ፣ በየጁ፣ በአምባሰል ሰው ከብቱን፣ ቀጥሎ የቤቱን ዕቃ፣ ቀጥሎ ራሱን አጣ። የተራበው ሕዝብ ከቆቦ በወልድያና በመርሳ ወደ ደሴ በሚወርደው አውራ ጎዳና ዳር ተኮለኮለ። የመንግሥት አፍ ግን ዝም አለ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሷቸው ፎቶዎች ግቢ ውስጥ ሲታዩ ሁከት ሆነ። የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው በጥቅምት 1966 ነው። ለእኛው ሕዝብ ተቆርጦና ተቀጥሎ የታየው ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ በ1967 የዘመን መለወጫ ምሽት።

የፊሸር እርምጃ ከሬይክያቪክ ተነሥታ ዓለምን ለማዳረስ ደቂቃዎች በቅተዋታል። የየጁ ረሃብ አዲስ አበባ ለመድረስ ከዓመት በላይ ፈጀበት። ርቀት ቢሆን ኖሮ ችግሩ፣ አይስላንድ ትርቃለች።

◈ 1977፦ የካርፖቭ ክብደት

ጳጉሜን 5 ቀን 1976፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሞስኮ አናቶሊ ካርፖቭና ጋሪ ካስፓሮቭ ጀመሩ። አዲስ አበባ ያን ሰሞን የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ ለማክበር በቀይ ጨርቅ ተሸፍና ነበር። የሞስኮው ግጥሚያ ሕጉ ቀላል ነው፦ ቀድሞ ስድስት ያሸነፈ ሻምፒዮን ነው፤ አቻ አይቆጠርም።

ካርፖቭ በዘጠኝ ጨዋታ አራት ለዜሮ መራ። በ27ኛው አምስት ለዜሮ አደረሰ። አንድ ብቻ ቀረው። ያቺ አንድ ግን አልመጣችም። አቻ፣ አቻ፣ አቻ። አርባ አቻ። ካስፓሮቭ አንዱን አሸነፈ፤ በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ ሁለቱን አከታትሎ ደገመ። 48 ጨዋታ ከተደረገ በኋላ፣ የካቲት 8 ቀን 1977፣ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ፍሎሬንሲዮ ካምፖማኔስ የተጫዋቾቹን ድካም ጠቅሰው ግጥሚያውን ያለ ውጤት አቋረጡት። አምስት ወር ተጫውተው አሸናፊ የለም። ካርፖቭ አሥር ኪሎ ያህል ቀንሷል ተብሎ ተጻፈ፤ ዓለምም ስለ ጤናው ተጨነቀ።

ጥቅምት 13 ቀን 1977፣ ያ ግጥሚያ በመካሄድ ላይ ሳለ፣ ቢቢሲ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የተቀረጸውን ዘገባ አሳየ። ኮረም ከወልድያ ወደ ሰሜን በዚያው አውራ ጎዳና ነው። በዚያ ዓመት የተጎዳው ሕዝብ ምን ያህል ክብደት እንደቀነሰ የሚጽፍ አልነበረም።

ይህን የማነሣው የቼዝ ወዳጆችን ለመውቀስ አይደለም። ስለ ካርፖቭ ጤና መጨነቅ ሰውነት ነው። ሰው የሚጨነቀው ግን ስላየው ነገር ነው። የካርፖቭ ፊት በየቀኑ በጋዜጣ ይታይ ነበር። የእኛ ሰው ፊት እስኪታይ ሞቱ ብዙ ርቆ ሄዶ ነበር፤ ከታየ በኋላም ነው የዓለም እህል መጉረፍ የጀመረው። መታየት በራሱ እንጀራ ሆኖ ያውቃል።

◈ ኅዳር 2014፦ ዱባይ

በነሐሴ 2013 ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች። በሀብሩ፣ በመርሳና በውርጌሳ መስመር ጦርነቱ ወዲያና ወዲህ ሲል ከረመ። መብራት ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ተቆረጠ። በጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻም ሲያዙ ወሬ የሚመጣበት የመጨረሻው በር ተዘጋ። ማን እንዳለ፣ ማን እንደሞተ በእግር የመጣ ሰው ካልነገረ የሚያውቅ አልነበረም።

ኅዳር 17 ቀን 2014 በዱባይ፣ በኤክስፖው ግቢ፣ ማግነስ ካርልሰንና ኢያን ኔፖምኒያሽቺ ሻምፒዮናውን ጀመሩ። ለእኛ ከዚህ የተመቸ ግጥሚያ አልነበረም፤ የሰዓቱ ልዩነት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ ይጀመራል፣ ማታ ያልቃል።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች አቻ ሆኑ። ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ ለዓለም ሻምፒዮና በተደረጉ መደበኛ ጨዋታዎች አሸናፊ ሳይገኝ 19 ጨዋታ ማለፉ ነው። «ኮምፒዩተር ቼዝን ገደለው» የሚሉ በዙ። ኅዳር 24 ቀን ስድስተኛው መጣ። ካርልሰን ንግሥቱን ሰጥቶ ሁለት ሩክ ወሰደ፤ ሰዓት እየጠበበ ሁለቱም ተሳሳቱ፣ ሁለቱም ተረፉ። በመጨረሻ ካርልሰን አንድ ሩክ፣ አንድ ፈረስና ሁለት ወታደር ይዞ በብቸኛዋ ንግሥት ላይ ተነሣ። በኮምፒዩተር ስሌት አቻ ነው። ካርልሰን ግን ሰው ነው የገጠመው፤ ሰው ደግሞ ይደክመዋል። ቀስ እያለ፣ አንድ ካሬ እየገፋ፣ በዱባይ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ በ136ኛው እርምጃ ኔፖ እጁን ሰጠ። ሰባት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ፤ በሻምፒዮናው ታሪክ ረጅሙ ጨዋታ። ከዚያ በኋላ ኔፖ አልተነሣም። ታኅሣሥ 1 ቀን 7.5 ለ3.5 አለቀ።

ለቼዝ ወዳጅ ያቺ ሌሊት በዕድሜ አንድ ጊዜ የምትገኝ ናት። የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ የቼዝ ወዳጅ ግን አላያትም። ወልድያ ነፃ የወጣችው በታኅሣሥ ነው፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላ።

«ሰው እያለቀ ቼዝ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ አይጠፋም። ትክክል ነው፤ ያን ጊዜ ማንም ስለ ካርልሰን አላሰበም። ነገር ግን ዱባይ ለሀብሩ ሰው የካርልሰን ከተማ ብቻ አይደለችም። ከመርሳ፣ ከወልድያና ከዙሪያቸው ገጠሮች ወደ ዐረብ አገር የተሰደዱ እህቶቻችን ብዙ ናቸው፤ ዱባይም አሉ። የእያንዳንዷ ወታደር እርምጃ ከዱባይ ወደ ዓለም ሁሉ በምትበርበት ሌሊት፣ በዚያችው ከተማ በሰው ቤት የምትሠራ የመርሳ ልጅ እናቷ በሕይወት ትኑር አትኑር ማወቅ አትችልም ነበር። ቼዙ ያላለፈበት መስመር የእናት ድምፅም ያላለፈበት መስመር ነው። ሁለት መስመር የለም።

◈ ሚያዝያ 2015፣ ኅዳር 2017

ጦርነቱ ሲያበቃ ነገሩ የሚያበቃ መስሎን ነበር። ሚያዝያ 1 ቀን 2015 በአስታና ቻይናዊው ዲንግ ሊረንና ኔፖ ጀመሩ። ያን ሰሞን የክልል ልዩ ኃይሎችን መልሶ ስለማደራጀት በተሰጠው ውሳኔ አማራ ክልል በተቃውሞ ተናጠ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ብዙ ቦታ ተቋረጠ። ሚያዝያ 22 ቀን በፈጣን ጨዋታዎች ዲንግ የመጀመሪያው ቻይናዊ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ኢንተርኔቱ ለረጅም ወራት ዝም አለ።

ኅዳር 16 ቀን 2017 በሲንጋፖር ዲንግና የ18 ዓመቱ ሕንዳዊ ጉኬሽ ዶማራጁ ሲቀመጡ ግን በአንዳንድ የክልሉ ከተሞች መስመሩ ተመልሶ ነበር። ጨዋታው የሚጀመረው በእኛ ሰዓት ልክ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። ቪዲዮው ቢከብድ እርምጃዎቹን በጽሑፍ የሚያወጡ ቻናሎች አሉ። በዘመናችን ያለው ተመልካች ደግሞ ስፓስኪን ያየው አይደለም፤ በእጁ ከሻምፒዮኑ የሚበልጥ ኮምፒዩተር ይዟል።

ታኅሣሥ 3 ቀን፣ 14ኛውና የመጨረሻው ጨዋታ። ነጥብ 6.5 ለ6.5። ሁሉም አቻ ይሆናል፣ ነገ በፈጣን ይለያል ብሎ ነበር። በ55ኛው እርምጃ ዲንግ ሩኩን ወደ ኤፍ 2 አመጣ። ከስክሪኑ ጎን ያለችው መለኪያ በቅጽበት ወደቀች። የዓለም ተመልካች ሁሉ አወቀ፤ ያላወቁት ከሰሌዳው ፊት የተቀመጡት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ጉኬሽ ቀና አለ፣ ደግሞ አየ፣ ፊቱ ተለወጠ። ሩኩ በሩክ፣ ቢሾፑ በቢሾፕ ቢለዋወጥ የሚቀረው የወታደር ትግል የእሱ ነው። ጥቂት እርምጃ ቆይቶ ዲንግ እጁን ሰጠ፤ ልጁም ጠጠሮቹን በየቦታቸው እየደረደረ አለቀሰ።

◈ በመስታወቱ በኩል

የጉኬሽ ታሪክ የሚጀምረው ግን ከሲንጋፖር አይደለም። በኅዳር 2006 ካርልሰንና ቪሽዋናታን አናንድ በሕንድ ቼናይ ሲገጥሙ፣ የሰባት ዓመቱ ጉኬሽ ከተመልካቹ መካከል ሆኖ በመስታወት ወደ ተከለለው መድረክ ያይ ነበር። «አንድ ቀን እዚያ ውስጥ ብሆን» ብሎ የተመኘው ያኔ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በ11 ዓመቱ መስታወቱን አልፎ ገባ።

ክርክሬ ይኸው ነው። መመልከት የሥራ ፈት ነገር አይደለም። በሰንጠረዥ ዘመን በወረራ ጊዜ ያላየ ይሸነፍ ነበር። ዛሬም ያላየ አይጫወትም። ሕንድ ከአንድ አናንድ ተነሥታ የዓለም ሻምፒዮን ያፈራችው ሕፃናቷ ማየት ስለቻሉ ጭምር ነው። የእኛ ልጅ በሰባት ዓመቱ ምን አየ? በ2013 ወልድያ ላይ ሰባት ዓመቱ የነበረ ልጅ አሁን ጎረምሳ ነው። ከዚያ ወዲህ ከተደረጉት የዓለም ሻምፒዮናዎች ስንቱን ማየት ይችል ነበር?

ኢንተርኔትን እንደ ቤት መብራት ማብሪያ ማጥፊያ የሚቆጥሩ ሰዎች፣ በየትኛውም ወገን ያሉ፣ የሚያጠፉት የጠላትን ወሬ ብቻ ይመስላቸዋል። የሚያጠፉት ግን የተማሪውን መማሪያ፣ የነጋዴውን ዋጋ፣ የእናትን ድምፅ፣ እና የአንድን ልጅ መስታወት ነው። ከ1965 የወረስነው ትምህርት አንድ ከሆነ ይኼ ነው፦ ወሬው የተዘጋበት አገር መከራው አይቀርለትም፤ የሚቀርበት ደራሹ ነው።

የሚቻለውንም ልናገር። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ትምህርት ቤቶች አሏት። ሃያ ሰሌዳና አንድ ግድግዳ ይበቃል። የሚቀጥለው የዓለም ሻምፒዮና ሲመጣ እርምጃዎቹ በጽሑፍ እየደረሱ ግድግዳው ላይ ይንቀሳቀሱ፤ ልጆች ዙሪያውን ቆመው ይከራከሩ፤ በዕረፍት ሰዓት ደግሞ አባቶቻቸው የተጫወቱትን ሰንጠረዥ በወረራ ጀምረው ይሞክሩ። መደቅ ንጉሥ ሲገድል ማጨብጨብም አብረው ይማራሉ።

የቀረው የመስመሩ ጉዳይ ነው። እሱ በልጆቹ እጅ አይደለም።

ቸር ወሬ ያሰማን።